ከኪያንቲ እስከ ሆለታ፦ ወይን፣ መንገድና የተሠራ ገጠር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



አዘጋጆቹ የጠየቁኝ በጣሊያን ወረራ ዘመን ስለነበረው የግብርና ፖሊሲ እንድናገር ነበር። ርእሱን ወደ ወይን ጠጅና ወደ መንገድ ጉዞ ያዞርሁት እኔ ነኝ። ቀልድ የመሰላቸው ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ቀልድ ግን አይደለም።

ነገሩ የጀመረው ፍሎረንስ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለምርምር እዚያ ሰንብቼ ሳለ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ የማገላብጠው እ.ኤ.አ. በ1904 በዚያችው ከተማ ለቅኝ ግዛት ግብርና ጥናት የተቋቋመው ኢንስቲትዩት ስለ አገራችን ያጠራቀመውን ጽሑፍና ፎቶግራፍ ነበር። ቅዳሜ ሲቃረብ ደግሞ አብረውኝ በአንድ ቤት ያረፉት ተመራማሪዎች ለወይን ቅምሻ ጉዞ ይሰናዱ ነበር። ካርታው በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ መኪናውን የሚነዳው፣ ስለዚህም የማይጠጣው ሰው በዕጣ ይለያል። የሚመረጠው ከፍሎረንስ ወደ ሲዬና የሚወስደው ባለ ቁጥር 222 መንገድ ነው፤ የአገሩ ሰዎች "የኪያንቲ መንገድ" ይሉታል። ግሬቬ ላይ መጀመሪያው ጓዳ፣ ፓንዛኖ ላይ ምሳ፣ ካስቴሊና ላይ ሁለተኛው ጓዳ፣ ማደሪያ ሲዬና። ክርክሩ ረጅም ነበር፤ ምሳው ከሁለተኛው ጓዳ በፊት ይሁን ወይስ በኋላ በሚል አንድ ምሽት ሙሉ አልፏል።

እኔም ተከትያቸው ሄድሁ። ያየሁት ገጠር ውብ ነው፤ ይህን ብክድ ዋሾ እሆናለሁ። በኮረብታው ጫፍ የተሰለፈው የፈረንጅ ጥድ ዘመድ፣ ከሥሩ ዘይቱኑ፣ ከዘይቱኑ በታች በመስመር የተተከለው ወይን፣ መካከሉ ላይ የድንጋይ ቤት። ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሣል። አስጎብኚው ስለ አፈሩ፣ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ በርሜሉ እንጨት ይናገራል። ስለ ገበሬው የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ምሳ የበላንበት ክፍል ቀድሞ የበሬ በረት እንደነበረ።

ያች ዓረፍተ ነገር ናት ከአእምሮዬ ያልወጣችው። የኪያንቲ ገጠር ተፈጥሮ ያበጀችው ብቻ ሳይሆን በሕግና በውል የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1716 የቶስካናው መስፍን ኮዚሞ ሣልሳዊ ደ ሜዲቺ የወይን አገሮቹን ወሰን በአዋጅ ለየ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከካቩር ቀጥሎ የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ባሮን ቤቲኖ ሪካሶሊ በብሮሊዮ ግንቡ ሆኖ የኪያንቲን ወይን የቅይጥ ቀመር አወጣ። ወይኑን የሚኮተኩተው ግን ባሮኑ አልነበረም። ሜዛድሪያ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው፤ ገበሬው በባለመሬቱ ቤት ይኖራል፣ የባለመሬቱን መሬት ያርሳል፣ ምርቱን እኩል ያካፍላል። ይህን ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ መዝገበ ቃላት መግለጥ አያሻንም። አያቶቻችን "እኩል አራሽ" ብለው አሳምረው ያውቁታል፤ ሲሶውንና እርቦውን ጨምረው።

እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ ሕግ አዲስ የእኩል ውል መዋዋልን ከለከለ። ገበሬው ግን ሕጉን አልጠበቀም፤ ቀድሞ ወደ ፋብሪካ ከተሞች መጉረፍ ጀምሮ ነበር። ባዶ የቀሩትን የድንጋይ ቤቶች ከተሜዎችና የሩቅ አገር ሰዎች ገዟቸው። በ1985 የገጠር መስተንግዶን የሚያበረታታ ሕግ ወጣ፤ በ1999 ደግሞ "የወይን መንገዶች" የሚባሉትን የሚደነግግ ሌላ ሕግ። እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪና የምንጎበኘው ገጠር ገበሬው ወጥቶ ያለቀበት ገጠር ነው። ይህን የምለው ወይኑን ለማክፋት አይደለም፤ ወይኑ ግሩም ነበር።

ሰኞ ወደ ንባቤ ስመለስ ሌላ "የጣሊያን ገጠር" ይጠብቀኛል። የፋሺስቱ መንግሥት ኢትዮጵያን ከወረረ በኋላ ጣሊያናዊ ገበሬዎችን በአገራችን ሊያሰፍር አቅዶ ነበር። ለሰፈራው የሰጣቸውን ስሞች ልብ በሉ፦ በወገራ "የኢትዮጵያ ሮማኛ"፣ በጨርጨር "የኢትዮጵያ ፑሊያ"፣ በጅማ በኩል "የኢትዮጵያ ቬኔቶ"። ሦስቱም የጣሊያን የወይን አገሮች ናቸው። ለአዲስ አበባ በቀረበው ስፍራ ደግሞ የቀድሞ ተዋጊዎች ድርጅት የሚባለው የመንግሥት ተቋም በሆለታና በቢሾፍቱ ሁለት ሰፋፊ እርሻዎች ያዘ። ዕቅዱ ወታደሩን ገበሬ ማድረግ ነበር፤ ጠመንጃውን ሳያስፈታ።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነበብ አንድ መጽሐፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1938 ሚላኖ ላይ የታተመው "የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ መመሪያ" ነው። ያሳተመው ጣሊያኖችን በገዛ አገራቸው ገጠር በመኪና ማስጎብኘት የለመደው የቱሪንግ ክለብ ነው፤ ያን ጊዜ ግን "ቱሪንግ ክለብ" የባዕድ ቃል ነው ተብሎ ስሙን እንዲቀይር ተገድዶ ነበር። መጽሐፉ አገራችንን በመንገድ በመንገድ ከፋፍሎ ያቀርባል፤ ከዚህ እስከዚያ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር፣ እዚህ ጋ ወንዝ፣ እዚያ ጋ የሚያምር እይታ። የቶስካናን መመሪያ የያዘ ሰው እጁ ሳይለምደው አይቀርም። ብቸኛው ችግር በዚያው ዓመት በሸዋ ራስ አበበ አረጋይ፣ በወሊሶ በኩል ገረሱ ዱኪ ጦርነት ላይ መሆናቸው ነው። መመሪያው የሚያምረውን እይታ በሚያሳይበት ኮረብታ ላይ ዘብ ይቆም ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ከአዲስ አበባ በምዕራብ የሚወጣ ሰው በቡራዩ ያልፋል፤ በደቡብ ምዕራብ በሰበታ፤ በሰሜን እንጦጦን ተሻግሮ በሱሉልታ። ሦስቱም ዛሬ በ2015 ዓ.ም. በተዋቀረው የሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው። እኔ የመዲናዋ በሮች እላቸዋለሁ። በሦስቱም በሮች የሚወጡትን ዋና ዋና መንገዶች ለዘመናዊ መኪና እንዲመቹ አድርጎ የማስፋቱና የመዘርጋቱ ሥራ በአብዛኛው ከወረራው ዘመን ጋር ይያያዛል። የመኪናውም ቋንቋ እንዲሁ ነው፤ "መኪና" ራሱ፣ "ጎማ"፣ "ቤንዚን"፣ "ፍሬን"፣ "ካቻቢቴ"። ጣሊያን ከኛ ዘንድ ትቶት የሄደው የወይን አትክልት ሳይሆን የመካኒክ መዝገበ ቃላት ነው።

ለምን የወይን አትክልቱ አልቀረም? ቡራዩን አልፈን፣ የገፈርሳን ውኃ በስተቀኝ ትተን ሆለታ ስንደርስ መልሱ በከፊል በሰማዩ ላይ ይነበባል። ወይን ሊበስል ሲል ደረቅ አየርና ፀሐይ ይፈልጋል። የሆለታ ደጋ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው፤ ሻጋታ ይወርዳል። በኛ አገር ተክሉን የሚያስተኛ የአውሮፓ ዓይነት ክረምትም የለም፤ የዕድገቱን ዙር የሚወስነው የገራዡ መቀስ ነው። ደጋው የገብስ፣ የስንዴ፣ የባቄላ አገር ነው። ይሁንና አየሩን ብቻ መክሰስ ታሪክን ማቅለል ይሆናል። ሰፋሪ ገበሬ የሚተክለው ተክል ለፍሬ እስኪበቃ ዓመታት ይፈልጋል፤ እነሱ ግን አምስት ዓመት ብቻ ነበራቸው፤ እሱንም ሌሊት ሌሊት በሮቻቸውን ቆልፈው። ያ የተወራለት እርሻ ሰፋሪውንም ሠራዊቱንም መመገብ አልቻለም። እህሉም ወይኑም ከጣሊያን በመርከብ እየመጣ፣ ከወደብ በካሚዮን እየተጫነ ነበር የሚገባው። መንገዱ የተሠራው ምርት ሊወጣበት ነው ተብሎ ነበር፤ በተግባር ግን ጠርሙስ ወደ ውስጥ ሲገባበት ኖረ።

የሆለታን ስም ከጣሊያን እርሻ ጋር ብቻ ማያያዝም ፍትሕ አይሆንም። ከወረራው ዋዜማ የስዊድን መኮንኖች ያስተምሩበት የነበረው የጦር ትምህርት ቤት እዚያው ነበር፤ ተማሪዎቹ ወደ ነቀምቴ ወጥተው የጥቁር አንበሳን ጦር ካቋቋሙት መካከል ናቸው። የወጡትም በዚያው በቡራዩ መንገድ ነው።

ሱሉልታ ላይ ንግግሬ ይከብዳል። ሜዳው ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ድርቆሽ፣ ፈረስ፣ ወተትና ገብስ የሚያውቅ አገር። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ከየአቅጣጫው ሲያጠቁ የደጃዝማች አበራ ካሣ ጦር የመጣው በዚህ በሰሜኑ በኩል ነበር። መንገዱ ጫንጮን፣ ሙከ ጡሪን አልፎ ደብረ ሊባኖስ ያደርሳል።

ስለ ወይን እየተናገርሁ ደብረ ሊባኖስን መዝለል አልችልም፤ በኢትዮጵያ የወይን ታሪክ ዋናው ምዕራፍ ያለው በቤተ መቅደስ ነውና። በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ለቅዳሴ የሚሆነው ወይን ከተዘፈዘፈ ዘቢብ እንደሚጨመቅ መዝግቧል። ዛሬም ዲያቆኑ ዘቢቡን በውኃ አሽቶ ያዘጋጃል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር በስተደቡብ፣ በእንፍራዝ አካባቢ ወይን ተተክሎ እንደሚጠመቅ ጽፏል፤ ይህ ግን በጠባብ ስፍራ የተወሰነ ነበር። ለአብዛኛው ሕዝብ ወይን የመሠዊያ እንጂ የማዕድ መጠጥ አልነበረም። ቋንቋችንም ይመሰክራል፤ የማዕዱን ስንጠራው "ወይን ጠጅ" ነው የምንለው፣ የጠጅ አንድ ዓይነት እንደሆነ ሁሉ። መጠጥ ቤት ስንገባ ደግሞ "ቪኖ" እንላለን፤ በኮካ ቀላቅለን። ያ ቃል ከማን እንደመጣ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልገኝም።

በግንቦት 1929 ዓ.ም.፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በሚከበርበት ሰሞን፣ የግራዚያኒ ትእዛዝ ለጄኔራል ማሌቲ ደረሰ። ለበዓሉ የተሰበሰቡት መነኮሳትና ምእመናን ተከበቡ፤ በካሚዮን ተጭነው ላጋ ወልደ ወደሚባለው ስፍራ ተወሰዱና ተረሸኑ። ዲያቆናቱን ደግሞ ደብረ ብርሃን አቅራቢያ እንግጫ ላይ ገደሏቸው። የጣሊያን ቴሌግራሞች ያመኑት 449 ሰው ነው። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ በቦታው ተመላልሰው ያካሄዱት ጥናት የሟቾቹን ቁጥር በ1,423 እና በ2,033 መካከል ያደርገዋል። ዘቢቡን የሚያሹት እጆች ናቸው በዚያ ጉድጓድ የቀሩት። በሚቀጥለው ዓመት የታተመው የጉዞ መመሪያ ይህን መንገድ ለመኪና ጎብኚ ያሰናዳ ነበር።

እዚህ ላይ የግል ነገር ልጨምር። ባለፈው ጊዜ አንድ አካል በጣሊያኑ "የወይን መንገድ" አምሳል ከአዲስ አበባ የሚነሣ የቅምሻ ጉዞ ለማዘጋጀት አስቦ የታሪክ መግቢያ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ስሙን አልጠራም፤ በቅን ልቡና የመጡ ሰዎች ነበሩ። አንድ ገጽ ጻፍሁ። ጽሑፌ ተመለሰልኝ፤ ስለ ግንቦት 1929 የሚናገሩት ሦስት መስመሮች በእርሳስ ተሰርዘው፣ "ጎብኚውን ያሳዝናል" የሚል ማስታወሻ ተያይዞባቸው። የጣሊያን ምግብና መኪና ያስተማረን በጎ ዘመን የሚል ሐረግም ተጨምሮበት ነበር። ሁለት ሳምንት አሰብሁበት። መስመሮቹን ወደ መጨረሻ ላውርዳቸው ይሆን? በግርጌ ማስታወሻ ላስገባቸው ይሆን? በመጨረሻ ገጹን መልሼ ወሰድሁት። ልክ መሥራቴን አሁንም እጠራጠራለሁ፤ ምናልባት በግርጌ ማስታወሻም ቢሆን መግባቱ ጨርሶ ከመቅረቱ ይሻል ነበር። ተማሪዎቼ በዚህ ላይ ሊሞግቱኝ ይችላሉ፤ ባለፈው ሴሚስተርም ሞግተውኛል።

ሰበታ ቀለል ይላል፤ ቢያንስ በመጀመሪያ እይታ። ሰበታ የመጠጥ ከተማ ነው። ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ቅርንጫፍ አለው፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካም እዚያ ነው። አቦ ስንል አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ማለታችን ነው፤ ገድላቸው እህልና ውኃ ሳይቀምሱ ኖሩ የሚላቸውን ጻድቅ። በስማቸው ቢራ መጠመቁ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል። ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ2012 የእንግሊዙ ዲያጆ ገዛው፤ በ2022 ደግሞ ለፈረንሳዩ ካስትል ሸጠው። ይህ ካስትል በቦርዶ እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተ የወይን ነጋዴ ቤተሰብ ነው፤ ዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ አጠገብ ያለውን የወይን እርሻ የተከለውም እሱ ነው።

የዝዋይ እርሻ የሆለታን ጥያቄ ይመልሳል። ከፍታው 1,600 ሜትር ግድም ነው፤ ስምጥ ሸለቆው ሞቅ ያለና ደረቅ ያለ ነው፤ ውኃው በመስኖ ይለካል። መርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ተተክለውበት የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ቀረቡ፤ "ሪፍት ቫሊ" እና "አካሲያ" በሚል ስም። ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሯል። ከዚያ በፊት ለረጅም ዘመን የአገሩን ገበያ የያዘው አዋሽ ወይን ጠጅ ነው፤ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1943፣ ጣሊያን ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ። "ጉደር" የሚለው ጠርሙሱ በቡራዩና በሆለታ በኩል፣ አምቦን አለፍ ብሎ ያለውን ወንዝ ስም ይዟል። እንግዲህ ኢትዮጵያዊው ወይን የቆመው "የኢትዮጵያ ሮማኛ" ከፈረሰ በኋላ ነው፤ በሌላ አየር፣ በሌላ ውል።

ውሉን ያነሣሁት አለነገር አይደለም። በቶስካና ገበሬው ሲወጣ መልክዓ ምድሩ ቀረ፤ ሕግ ጠበቀው። በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ ዙሪያ ግን ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ገበሬውም ማሳውም አብረው ሲሄዱ አይተናል። በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን የጋራ ማስተር ፕላን በመቃወም የፈሰሰው ደም የዚህ ጥያቄ ደም ነበር፤ ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ፤ ጥያቄው ግን አልተሰረዘም። በእነዚህ በሮች የሚያልፍ ማንኛውም የጉብኝት መንገድ ገብስ የሚያመርተውን ሰው ከነመሬቱ ካላቆየ፣ ጎብኚው ነገ በመስኮት የሚያየው አጥር ብቻ ይሆናል። የእኔ ሙግት የወይን መንገድ አይሠራ የሚል አይደለም። ይሠራ፤ ገበሬውም ከድርሻው ጋር ይኑርበት፤ ላጋ ወልደም በካርታው ላይ ይጻፍ።

ይህን ያህል ካልሁ፣ በተግባር የማደርገውን ልንገራችሁና ላብቃ። ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ጋር አራት ቅዳሜ እንወጣለን። የመጀመሪያው ቅዳሜ በቡራዩ እስከ ሆለታ ነው፤ የ1938ቱን መመሪያ ቅጂ ይዘን፣ መጽሐፉ የሚለውንና መሬቱ የሚለውን እያነጻጸርን። ሁለተኛው በሱሉልታ ደብረ ሊባኖስ ነው፤ የጾም ምግብ እንይዛለን። ሦስተኛው ሰበታ ነው፤ እዚያ አንዲት እናት ጠላ እንዴት እንደሚጠነሰስ ሊያስረዱን ቃል ገብተውልናል፤ ጌሾው ከየት እንደሚመጣም ጠይቁ ብያለሁ። አራተኛው ዝዋይ ነው።

(ከአድማጮች ጥያቄ፦ "መምህር፣ ታዲያ ወይን ይቀመሳል ወይስ አይቀመስም?")

ይቀመሳል። አራተኛው ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ። ምሳው ከቅምሻው በፊት ይሁን በኋላ በሚለው ላይ ፍሎረንስ ውስጥ በቂ ተከራክሬአለሁ። ሹፌሩ አይጠጣም፤ እኔም ከሹፌሩ ጎን ስለምቀመጥ አልጠጣም። የመመዝገቢያው ወረቀት በትምህርት ክፍሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ለሱሉልታው ቅዳሜ ጃኬት ያዙ፤ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል።